«ክትባት» የሚለው ቃል ታሪክ፦ በጎንደርና በሰሜን ደጋ አገልግሎቱ መሠረት

የሕክምና ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያጋጥመው ችግር የቃል ማጣት ነው ይባላል። በክትባት ረገድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን። ቃሉ ዛሬ የምናውቀው መድኃኒት ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት በሕዝቡ አፍ ነበረ፤ ችግሩንም ያመጣው ይኸው ቀዳሚነቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ክትባት» የሚለው ስያሜ ከየት ተነሥቶ፥ በምን በኩል አልፎ ዛሬ ከተወለደ ሕፃን ጀምሮ እስከ አዋቂ ለሚሰጠው የበሽታ መከላከያ መጠሪያ እንደ ሆነ እንመረምራለን። ምርመራችን በጎንደር ከተማና በሰሜኑ ደጋ በነበረው አገልግሎት ላይ ያተኩራል። ዓመታቱ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የቃሉ ሥር በግዕዝ «ከተበ» ነው፤ ትርጓሜውም ጻፈ ማለት ነው። ዐረብኛም ይህንኑ ሥር ይዞ መጽሐፍን «ኪታብ» ይላል። በአማርኛ ለዚህ ተግባር «ጻፈ» የሚለው ግስ ስለ ሰፈነ፥ «ከተበ» ወደ ሁለት ጠባብ ቦታዎች ተገፍቶ ቀረ። አንደኛው ክታብ ነው፤ በብራና ተጽፎ፥ በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት ወይም በክንድ የሚታሰረው ጽሑፍ ማለት ነው። ሁለተኛው የሰው ገላ ነው፤ ቆዳን በስለት ጫር ጫር አድርጎ መድኃኒት ማስገባት «መከተብ» ተባለ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት መጀመሪያ ሲያዩት ሰፊ ይመስላል። ነገር ግን ብራናም ቆዳ ነው፤ የክታቡም የጭረቱም ዓላማ በሽታን አስቀድሞ መመለስ ነው። ስለዚህ ጸሓፊው ከፍየል ቆዳ ወደ ሰው ቆዳ ቢሻገር ግሱን መለወጥ አላስፈለገውም።

እዚህ ላይ ከ«ከተበ» ጋር የሚጎራበቱትን ግሶች ማየት ይጠቅማል። አማርኛ ገላን በስለት መንካትን በአንድ ቃል አያልፈውም። «በጣ» አለ፤ በቅንድብ ላይ ወይም ባበጠ ቦታ ላይ ቆዳን መሰንጠቅ ነው። «አገመ» አለ፤ በዋግምት ደምን መሳብ ነው። «ነቀሰ» አለ፤ የደጋ ሴቶች አንገታቸውንና ድዳቸውን የሚያስጌጡበት ነው። ከእነዚህ ውስጥ «በጣ» እና «አገመ» ከገላ ውስጥ አንድ ነገር ማውጣትን ያመለክታሉ፤ «ነቀሰ» እና «ከተበ» ደግሞ ወደ ገላ ውስጥ አንድ ነገር ማስገባትን። በንቅሳት የሚገባው ቀለም ነው። በክትባት የሚገባው ምንድር ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል።

ሌሎች ቋንቋዎች በምን ምስል እንደ ተጠቀሙ ለንጽጽር እንጥቀስ። የአውሮፓ ቋንቋዎች «ቫክሲን» የሚሉት ላም ከሚለው የላቲን ቃል አውጥተው ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 ከላም ፈንጣጣ የወሰደውን ፈሳሽ በሰው ላይ መሞከሩን ያስታውሳል። ዐረብኛው «ተጥዒም» እና ቱርክኛው «አሺ» ዛፍን ከዛፍ ከማዳቀል የመጡ ናቸው። ስዋሂሊ «ቻንጆ» ይላል፤ ቆዳን መቅደድ ከሚል ግስ የወጣ ነው። ትግርኛ እንደ እኛው «ክታበት» ይላል። አማርኛም ትግርኛም ላሙንም ዛፉንም ሳያውቁ የጽሕፈትን ምስል ይዘዋል፤ በዚህ ብንኮራ የሚነቅፈን ያለ አይመስለንም።

ወደ ጎንደር እንመለስ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ወደ ከተማይቱ ሲገባ የፈንጣጣ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በሽታው በቁስቋም ወዳለው የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ገብቶ የመኳንንቱን ልጆች ስለ ያዘ፥ እንግዳው ሐኪም ነው ተብሎ ተጠራ። እሱም እንደ ጻፈው ደጁንና መስኮቱን አስከፈተ፤ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሞቀ ውሃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ከታመሙት የዳኑ አሉ፤ የሞቱም አሉ። ለእኛ ጉዳይ ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው በዚያው ግቢ ስለ ነበረው ሌላ ሕክምና የመዘገበው ነው። ከዋልድባ የመጣ መነኩሴ በቆርቆሮ ሳሕን ላይ በቀለም ምልክቶችን ይጽፍና ጽሕፈቱን በመድኃኒት ፈሳሽ አጥቦ በሽተኛውን ያጠጣ ነበር። ብሩስ ይህን የተመለከተው በንቀት ነው። የቋንቋ አጥኚ ግን በንቀት ሊያልፈው አይችልም፤ የተጻፈ ነገር በአንገት ሲታሰር፥ ታጥቦ ሲጠጣ፥ በቆዳ ላይ ሲጫር፥ ሦስቱንም የሚያገናኘው «ከተበ» የሚለው ሥር ነውና።

የፈንጣጣን መግል ከታመመ ሰው ወስዶ በጤነኛው ክንድ ላይ በተጫረ ቁስል ማሳረፍ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ልማዱን አይቶ ጽፎታል። የአሠራሩ መሠረት ትክክል ነው፤ በዚህ መንገድ የተያዘ ሰው በአብዛኛው በቀላሉ ታሞ ይድናል፤ ዳግመኛም አይያዝም። አደጋውም ግልጽ ነው። የሚገባው ሕያው የፈንጣጣ ቫይረስ ስለ ሆነ፥ የተከተበው አንዳንድ ጊዜ ይሞታል፤ ባይሞትም ላልተከተበው ጎረቤቱ በሽታውን ያስተላልፋል። በላም ፈንጣጣ ዘመድ የሚሠራው ዘመናዊው ክትባት ግን ፈንጣጣን ሊያስከትል አይችልም። እንግዲህ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው በሽታውን ራሱን ይሰጣል፥ ሁለተኛው የሌላ ቫይረስ ክትባት ሆኖ ከበሽታው ይጠብቃል። አማርኛ ለሁለቱም ያለው አንድ ቃል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቃላት ስብሰባ ወደ ደባርቅ በወጣንበት ጊዜ አንድ አዛውንት የክንዳቸውን ሁለት ጠባሳዎች አሳዩን። አንደኛው ረዘም ያለ የስለት ጭረት፥ ሁለተኛው ክብና ጎድጎድ ያለ ነው። «አባቴ፥ እኒህ ምንድር ናቸው?» ብለን ጠየቅናቸው። «ይኸም የፈንጣጣ ክትባት ነው፤ ይኸም የፈንጣጣ ክትባት ነው፤ ያ የአገር፥ ይኸ የመንግሥት» አሉን። በሙያችን ብዙ ትርጓሜ ሰምተናል፤ ይህን ያህል ያጠረና የጠራ ግን እምብዛም አላጋጠመንም።

የአዛውንቱ «የመንግሥት» ክትባት በታሪክ የሚታወቅ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ የተቋቋመው የፈንጣጣ ማጥፊያ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው በጥር 1963 ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ፥ በኋላም በሄሊኮፕተር ተዘዋወሩ። የያዙትም ጫፉ ሁለት የሆነ አጭር መርፌ ነበር፤ በፈሳሹ ነክረው ክንድን 15 ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያደርጉበታል። በሰሜን ምዕራቡ ደጋ፥ በጎጃምና በጎንደር፥ ከባድ ተቃውሞ ገጠማቸው። ለዚህ የሚሰጡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የመሬቱ ገደላማነት፥ ከመንግሥት በመጣ ነገር ሁሉ ላይ የነበረው ጥርጣሬ፥ የአገር ከታቢዎች ገቢያቸውን ላለማጣት መሥጋታቸው ይጠቀሳሉ። በተጨማሪም በአገራችን ይዛመት የነበረው ቀለል ያለው የፈንጣጣ ዓይነት ስለ ነበረ፥ ከመቶ ሕሙማን የሚሞቱት ከአንድ እስከ ሁለት ነበሩ፤ ስለዚህ ሰው በሽታውን የመድኃኒቱን ያህል እንኳ አይፈራውም ነበር።

እኛ በዚህ ዝርዝር ላይ የሰዋስው ምክንያት እንጨምራለን። ታሪክ ጸሓፊዎች ይህን ስላላነሡት ነገሩን ዘርዘር አድርገን እናስረዳለን።

በአማርኛ «የ» የሚለው ምዕላድ ሁለት ስሞችን ሲያያይዝ በመካከላቸው ያለውን ዝምድና ሳይገልጽ ይተወዋል። «የወርቅ ቀለበት» ስንል ከወርቅ የተሠራ ማለታችን ነው፤ «የጣት ቀለበት» ስንል ለጣት የሚሆን። «የሳል መድኃኒት» ሳልን የሚያጠፋ ነው፤ «የኮሶ መድኃኒት» ግን ኮሶን ሊያጠፋም፥ ከኮሶ ዛፍ ሊሠራም ይችላል። በዚሁ ደንብ «የፈንጣጣ ክትባት» ሁለት ፍች አለው፤ ፈንጣጣን የሚከላከል ክትባት እና ፈንጣጣን በገላ ማስገባት። ግሱም አያግዘንም። «ልጁን ፈንጣጣ ከተቡት» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት ተሳቢ አለው፤ ፈንጣጣው የገባው ነገር እንደ ሆነ ሰዋስው ራሱ ይመሰክራል። «ለፈንጣጣ ከተቡት» ቢባል ዓላማው ይገለጣል። «ከፈንጣጣ» የሚለው ደግሞ «እንዲጠበቅ» የሚል ግስ ካልተጨመረበት አይቆምም።

ይህን በአእምሯችን ይዘን የከታቢዎቹን ማስታወቂያ በአንድ የጃናሞራ ወይም የዳባት ገበሬ ጆሮ እንስማው። «የፈንጣጣ ክትባት ልንሰጣችሁ መጥተናል» ይላል። ገበሬው የፈንጣጣ ክትባትን አሳምሮ ያውቃል፤ ወረርሽኝ በሌለበት ዘመን ሰው ወደ ቤቱ ፈንጣጣ እንደማያስገባም ያውቃል። በመንደሩ በሽታ ከሌለ «ለምን ታመጡብናላችሁ?» ቢል፥ በቋንቋው ደንብ መሠረት በትክክል ሰምቷል እንጂ አልተሳሳተም። አስቀድሞ በአገር ከታቢ የተከተበውም «እኔ ተከትቤአለሁ» ማለቱ እውነት ነው። ሐኪሙ ይህን ድንቁርና ብሎ ጠራው፤ እኛ ግን የስያሜ ጉድለት እንለዋለን። ተቃውሞው ሁሉ ከዚህ መጣ ማለታችን አይደለም፤ መሣሪያ ያነሣ ሰው በምዕላድ ምክንያት አያነሣም። ነገር ግን ማስታወቂያ ያረቀቀ ሰው «መከላከያ» የሚል አንዲት ቃል ቢጨምር ኖሮ፥ ቢያንስ ክርክሩ በሌላ ነገር ላይ በሆነ ነበር።

ፈንጣጣ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በነሐሴ 1968 በባሌ፥ ዲሞ በተባለ መንደር ነው። የዓለም ጤና ጉባኤም በሽታው ከምድር መጥፋቱን በሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. አወጀ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም የፈንጣጣ ክትባቶች ቀሩ፤ ቃሉ ግን ወዲያው ሌላ ሥራ ተሰጠው።

በዚያው በ1972 የክትባት ማስፋፊያ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ተጀመረ። ስድስት በሽታዎች በአንድ ሰሌዳ ተሰልፈው ለእናቶች ቀረቡ፤ ስሞቻቸውም ከየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተነበቡ። የሳንባ ነቀርሳ፥ ዘጊ አነዳ፥ ትክትክ፥ መንጋጋ ቆልፍ፥ የልጅነት ልምሻ፥ ኩፍኝ። እነዚህ ስሞች ከሕዝብ አፍ የተወሰዱ ወይም በሕዝብ ቋንቋ መንፈስ የተቀመሩ በመሆናቸው፥ በአማርኛ የሕክምና ስያሜ ታሪክ ከተሳኩት ሥራዎች አንዱ ናቸው ብለን እንፈርዳለን። ትክትክ ሳሉን በድምፁ ይጠራዋል። መንጋጋ ቆልፍ የሚያየውን ይናገራል። ልምሻ እግር የሰለለበትን ልጅ ላየ ሁሉ ማብራሪያ አያሻውም።

ይሁን እንጂ ከስድስቱ ሁለቱ በኋላ ዘመን ችግር አመጡ። «የልጅነት ልምሻ» በሽታውን ከልጅነት ጋር ስላሰረው፥ አዋቂን አይይዝም የሚል ግምት በስሙ ውስጥ ገባ። የፖሊዮ መድኃኒት ደግሞ በዚያን ጊዜ በጠብታ በአፍ ብቻ ይሰጥ ነበር። መርፌም ጭረትም አልነበረበትም፤ «ክትባት» ግን ተብሏል። በዚህ ጊዜ ነው ቃሉ ከቆዳ ላይ ተነሥቶ ረቂቅ ፍች ያገኘው። ሽግግሩ ያለ ክርክር አልሆነም፤ ጠብታ የተሰጠውን ልጅ እናት «ተከተበ ወይ?» ተብላ ስትጠየቅ «አልተከተበም፥ አጠጡት እንጂ» ማለቷ የቀድሞው ፍች ምን ያህል ጥብቅ እንደ ነበረ ያሳያል። የዋልድባው መነኩሴ ቢሰማ ኖሮ የሚያጠጣ ክትባት ባላስደነቀው ነበር።

«ነቀርሳ» ያመጣው ችግር ይብሳል። አማርኛ በዚህ ስም ሁለት በሽታ ይጠራል፤ ቲቢን «የሳንባ ነቀርሳ»፥ ካንሰርን ደግሞ «ነቀርሳ»። ሁለቱ በአንድ የክትባት ሰሌዳ እስኪገናኙ ድረስ ብዙ አላወኩም። በ2011 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት መሰጠት ሲጀምር ግን ተገናኙ። ሲወለድ የሚሰጠው ቢ.ሲ.ጂ. ለሳንባ ነቀርሳ፥ በልጃገረድነት የሚሰጠው ለማኅፀን በር ነቀርሳ ከተባለ፥ ወላጅ «ነቀርሳን በሕፃንነቷ ተከትባለች፤ ዳግመኛ ስለ ምን?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ቀላል አይደለም። ጤና ጥበቃ «ካንሰር» የሚለውን ባዕድ ቃል መምረጡን በዚህ ምክንያት እንደግፋለን፤ በሌላ ጊዜ ባዕድ ቃልን የምንደግፍ ሰዎች አለመሆናችን ይታወቃል።

ስለ አዲሶቹ ክትባቶች ስያሜ ብዙ አንልም። በ1999 አምስቱ በአንድ የተቀመሙበት ክትባት፥ በ2004 የሳንባ ምች፥ በ2006 የሮታ ቫይረስ፥ በ2011 ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ተጨምረዋል። ለመጀመሪያው ባለሙያዎቹ «ፔንታ» ይላሉ። የሚሰጡባቸው ጊዜያት በ6፥ በ10 እና በ14 ሳምንት፥ ኋላም በ9 እና በ15 ወር መሆኑ ለቋንቋ ሰው የሚያነሣው ነጥብ አንድ ነው፤ ይኸውም እናት የልጇን ዕድሜ ከአርባና ከሰማንያ ቀን፥ ከክርስትና በዓል ጀምራ ስለምትቈጥር፥ «በስድስት ሳምንት» ከማለት «በአርባ አምስት ቀን» ማለት ይቀላታል። ሦስት ቀን ይበልጣል፤ ነገር ግን ትመጣለች።

ሰፋ አድርገን ልናየው የሚገባን የአዋቂዎቹን ክትባት ነው። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች አምስት ጊዜ የሚሰጥ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አለ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አራት ሳምንት፥ ሦስተኛው ስድስት ወር፥ አራተኛውና አምስተኛው ደግሞ በየዓመቱ ልዩነት ይከተላል። ዓላማው እናቲቱን ብቻ ሳይሆን ገና ያልተወለደውን ሕፃን መጠበቅ ነው፤ በእርሷ ደም የተፈጠረው መከላከያ ወደ ሕፃኑ ይሻገራልና። «የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት» የሚለው ስያሜ ግን ከዚህ አንዱንም አይናገርም። መንጋጋዋ ያልታመመ ነፍሰ ጡር፥ ለማን እንደምትከተብ ስሙ አይነግራትም። «ክትባት ለልጅ ነው» የሚለው አስተሳሰብም ከስድስቱ በሽታዎች ዘመን ወዲህ ሥር ስለ ሰደደ፥ አዋቂ ሰው ሲከተብ እንደ ማፈር ይላል።

ይህ ሁሉ በ2013 በአንድ ጊዜ ተፈተነ። የኮቪድ ክትባት በመጋቢት ወር መሰጠት ሲጀምር ጥሪው የቀረበው በቅድሚያ ለጤና ባለሙያዎች፥ ለአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው፥ ማለት ለአዋቂዎች ነበር። በጎንደር ከተማ «ኮሮና ሊከትቡን ነው» ሲባል በጆሯችን ሰምተናል። ተናጋሪው ቀልዶ ይሁን ከልቡ ለመለየት አዳጋች ነበር። ሰዋስውን በተመለከተ ግን ልዩነት የለውም፤ በፈንጣጣ ዘመን የነበረው ሁለት ተሳቢ ከዐምሳ ዓመት በኋላ ሳይነካ ተመለሰ። ጤና መኮንኖችን ለማሠልጠን በ1947 የተከፈተው የጎንደር ጤና ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ በዚህች ከተማ ስለ ክትባት ያልሰማ ቤት አይገኝም። ጉድለቱ የዕውቀት አይደለም ማለታችንም ለዚህ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። «ክትባት» ይቆይ፤ የሚተካው ቃል መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ድርጊቱን ብቻ ይሰይም፤ ለሚሰጠው ነገር «የክትባት መድኃኒት»፥ ለሰጪው «ከታቢ»፥ ለተቀባዩ «ተከታቢ» ይባል። የበሽታ ስም በ«የ» ሲቀድመው «መከላከያ» የሚለው ቃል አይቅር፤ «የኩፍኝ መከላከያ ክትባት» እንጂ «የኩፍኝ ክትባት» በማስታወቂያ ላይ አይጻፍ። ቦታ ያጥራል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ቦታ ካጠረ «ክትባት ለኩፍኝ» ይሻላል። ለእናቶቹ «የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባት፥ ለእናትና ለሚወለደው ሕፃን» ተብሎ ይጻፍ። ለሚደገመው መጠን ብዙዎች የለመዱት «ማጠናከሪያ ክትባት» ጥሩ ነው።

የቀረው የጥንቱ ክትባት ስም ነው። በመጀመሪያው ረቂቃችን «የመግል ክትባት» ብለነው ነበር። የደባርቁን አዛውንት ከሰማን በኋላ «የአገር ክትባት» የሚለው በለጠብን፤ ነገር ግን «አገር» ዛሬ «አገር አቀፍ» ከሚለው ጋር ስለሚጋጭ፥ አንባቢ የመንግሥቱን ዘመቻ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ዋናው መግቢያ ቃል «የመግል ክትባት» ሆኖ፥ የአዛውንቱ ቃል በዚያው ሥር እንዲቀመጥ ወስነናል። የመግቢያው ረቂቅ እንዲህ ይነበባል።

ክትባት (ስም፤ ከ«ከተበ»)። 1. ቆዳን በስለት ጭሮ መድኃኒት ማስገባት። 2. የመግል ክትባት፦ ከፈንጣጣ ሕመምተኛ የተወሰደ መግልን በጤነኛ ሰው ቁስል ላይ ማሳረፍ፤ በሰሜን ጎንደር «የአገር ክትባት»፤ ቀርቷል። 3. በመርፌ፥ በጠብታ ወይም በሌላ መንገድ የበሽታ መከላከያ መስጠት፤ ለሕፃንም ለአዋቂም።